ኑሮ ሲወደድ ከሰፈር መነሣት



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን በሞት የተለዩንን አባላት ስም እያነሣን ነፍስ ይማር ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። በሕይወት እያሉ የተለዩንን ግን አንሥተናቸው አናውቅም። ስማቸው ከመዝገቡ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ይሰረዛል፣ ከጎኑ «ሰፈር ለቀዋል» ተብሎ ይጻፋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ለምን ለቀቁ? የት ገቡ? እንዴትስ ከረሙ? ብሎ የጠየቀ የለም። ዘንድሮ ይህን ጥያቄ እኛው አንሥተን፣ ከከተማችን ታሪክ ጋር አያይዘን ጥቂት ለማለት ወደናል።

ከሰፈር መነሣት ዛሬ የመጣ ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን። «ድሮ ሰው በተወለደበት ያረጅ ነበር» እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን አዲስ አበባ ራሷ ኑሮ ከብዶት ከተነሣ ሕዝብ የተወለደች ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው በነበረበት ጊዜ ቦታው ለጥበቃ ቢመችም ብርዱ፣ አቀበቱና የውኃው ችግር አላስቀምጥ አለ። እቴጌይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርደው ቤት አሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች፣ መኳንንቱና ሠራዊቱም ተከትለው ወረዱ።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አለቀ። እንጨት የሚመጣው ከሩቅ ስለ ሆነ ዋጋው ናረ። ከ1890 ዓ.ም. ጥቂት ዓመታት በኋላ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ወደ ተባለው ቦታ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። እንግዲህ በማገዶ መወደድ ምክንያት አገር በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሊነሣ ነበር ማለት ነው! ያዳነን ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስ በየጋራውና በየግቢው ተተከለ፣ የማገዶው ችግር ቀለለ፣ ከተማውም ባለበት ጸና። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የጥንቱ ሰፈር አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እያንዳንዱ መኰንን ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ይሰፍራል፣ ተከታዩ፣ ወታደሩና ሠራተኛው ደግሞ በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ታዲያ ባለጸጋውና ድኻው በአጥር ተለይተው እንጂ በሰፈር ተለይተው አይኖሩም ነበር። የጌታው ግብርና የድኻው ሹሮ ጭሱ አንድ ላይ ይወጣ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። በከተማው እምብርት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጭቃ ቤቶች ከትልልቅ ሕንጻዎች ጎን ተሰግስገው የኖሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ አሠራር ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ከጣቢያው (ዛሬም ለገሃር ከምንለው) አካባቢ ያለው መሬት ፈላጊው በዛ። ቀጥሎ ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን ሲይዝ የአገሬውን ሕዝብ ከነጮቹ ለመለየት ዕቅድ አወጣ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ተመሠረተ፣ ለአገሬውም አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ተከፈለ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ደግሞ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት መጠሪያ የመጣ ነው። «የእነ እገሌ ሰፈር፣ ለእነ እገሌ የማይሆን» የሚለው ክፍፍል በጽሑፍና በካርታ የመጣው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ከድል በኋላም አልጠፋም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከተሠራ ወዲህ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቪላ ቤቶች ተሠሩና ቦሌ የባለገንዘብ ሰፈር ተባለ።

ከዚያ የመጣውን ታላላቆቻችን በዓይናቸው አይተውታል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሚደርሱት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለብዙ ዓመታት ሳይጨመር ቆየ። ቤቱን የሚያድስ አልነበረም፣ ጣራው ያፈሳል፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ አንድ ነው። ቢሆንም ሰው ከሰፈሩ አልተነሣም። ዕድራችንም ሥር የሰደደው በዚህ መርጋት ነው። ጡሩምባ ነፊያችን በሌሊት አንድ ጊዜ ዞሮ ሲነፋ ሁሉም ሰምቶ የሚወጣው፣ ሁሉም በጡሩምባው ድምፅ ርቀት ውስጥ ስለ ነበረ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መሬት በጨረታ ዋጋ ያወጣ ጀመር፣ መሐል ከተማም እንደ ወርቅ ተመዘነ። በ1997 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በሰፊው ተጀመረ፣ ሕዝቡም በዚያው ዓመትና ዳግመኛ በ2005 ዓ.ም. ተመዘገበ። በሁለተኛው ምዝገባ 10 በ90፣ 20 በ80፣ 40 በ60 የሚባሉ መደቦች ወጡ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቆጥበው መቶኛ መሆኑ ነው። ቤቶቹ የተሠሩት በብዛት ዳር ዳሩን ነው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ልደታ፣ አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ኋላም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ከተነሣው ሕዝብ ብዙው ጓዙን ጭኖ የሄደው ወደነዚሁ ዳርቻዎች ነው።

መንግሥት ያላነሣውም ቢሆን ኪራይ ያነሣዋል። የግለሰብ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ደመወዝተኛ አከራዩ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ጨምር» ሲለው ምን ያደርጋል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ስንቱ ተነሥቷል!

ከነዚህ አንዱ የእኛው አባል ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ታውቁታላችሁ። እሱና ባለቤቱ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አሮጊት እናቱ ከአሥር ዓመት በላይ አብረውን ኖረዋል። ኪራዩ ከደመወዙ እኩሌታ ሲያልፍ ባልና ሚስት ማታ ቁጭ ብለው ሒሳብ አወጡ። ዳር ሄደው ኮንዶሚኒየም ቢከራዩ ኪራዩ በጣም ይቀንሳል፣ ሁለት ክፍል ይገኛል፣ መጸዳጃው የግል ነው፣ ልጆቹም ንጹሕ አየር ያገኛሉ። ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍረው ተነሡ። የተሳሳቱት ነገር የለም፤ ቤተሰብን ከዕዳ ማዳን ብልህነት ነው።

በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ግን ቀስ ብሎ መጣ። በእግሩ ይሄድበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሁለት ታክሲ ሆነ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመቀየር ዓመቱ እስኪያልቅ በሌሊት ተነሥተው ይመላለሱ ነበር። ሚስትየው እዚህ ሳለች እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ ታቀርብ ነበር፣ እዚያ ደንበኛ የላትም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ምጣድ ጥዶ መነገድም ቀላል አይደለም። እናቱ ደግሞ ደረጃውን መውረድ ስለማይችሉ በመስኮት መንገድ ሲያዩ ይውሉ ነበር። «የማውቀው ሰው ሲያልፍ ባይ ብዬ ነው» ይሉ ነበር አሉ። እንግዲህ ኪራዩ ረከሰ እንጂ ኑሮው ሙሉ በሙሉ ረከሰ ማለት አይቻልም። ከሰፈር የሚነሣ ሰው የቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመንገዱን፣ የትምህርቱን፣ የገቢውንና የሽማግሌውን ነገር አብሮ ይደምር የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ የማይደመር ነገር ደግሞ አለ፤ እሱም ሰው ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ እንዲከፈል ይላል። ጎረቤት ማጣት ጉዳት መሆኑን ሕግ እንኳ አውቆታል ማለት ነው። ኪራይ አፈናቅሎት በገዛ እግሩ ለሄደው ግን ይህ ካሣ የለም። እሱን ሊክስ የሚችል ቢኖር ጎረቤቱ ነው፣ ማለትም እኛ።

እኛስ ምን አደረግን? እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገር። ይህ አባላችን ከሄደ በኋላም መዋጮውን አላቋረጠም። ነገር ግን ደንባችን አባል በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ካልተገኘ ይቀጣል ይላል። ጡሩምባው እሱ ጋ አይደርስም። በስልክ የነገረው ሰው ሲኖር ይመጣል፣ ሳይነገረው ሲቀር ይቀራል፣ ቢነገረውም ታክሲ ሰልፍ ይዞት ቀብሩ ካለቀ ይደርሳል። ሦስት ጊዜ ቀጣነው። በሦስተኛው ቅጣቱን ከፍሎ፣ ምንም ክፉ ቃል ሳይናገር፣ «እንግዲህ ይብቃኝ» ብሎ ወጣ። እኛም በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝነው።

በዓመቱ እናቱ አረፉ። አዲሱ ሰፈር ገና ዕድር አልጠናበትም፣ የደረጃው ጎረቤትም በወጉ አልተዋወቀም። ወሬው ለእኛ የደረሰው በሁለተኛው ቀን ነው። ድንኳናችን መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ሳለ፣ በዚሁ ድንኳን ሥር ለስንቱ ለቅሶ ንፍሮ የቀቀሉት እኒያ እናት አስከሬናቸው ከአራተኛ ፎቅ በጥቂት ወጣቶች ትከሻ ወረደ። ከእኛ መካከል በሣልስቱ የተገኙት ሰባት ሰዎች ነበሩ። አባላችን ሲያየን ተነሥቶ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ደከማችሁ» አለን። ከዚያ ቃል የበለጠ የሚያሳፍር ወቀሳ ሰምተን አናውቅም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። የቅርብ የነበረው ጎረቤት ሲርቅስ ምን ይባላል? አበው ይህን አልነገሩንም፤ በእነሱ ዘመን ጡሩምባው ለሁሉም ይሰማ ነበርና። መልሱን መፈለግ የእኛ ተራ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከሰፈር የለቀቀ አባል መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ስሙ አይሰረዝ። ሁለተኛ፣ ሩቅ ላለ አባል ሞት በስልክ የሚያረዳ አንድ ሰው ይመደብ፣ ያልተነገረው ሰውም አይቀጣ። ሦስተኛ፣ ሩቅ ያለ አባል ቀብር ላይ ባይደርስ እስከ ሣልስት ድረስ ለቅሶ ከደረሰ እንደ ተገኘ ይቆጠርለት። አራተኛ፣ ሐዘን ሲገጥመው ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ወዳለበት ይጫን፣ የመኪናውን ኪራይ ዕድሩ ይቻል። በየኮንዶሚኒየሙ ያለው የጋራ መገልገያ ሕንጻ ለእንግዳ መቀበያና ለወጥ ቤት ስለሚያገለግል ቦታ የለም የሚለው ምክንያት አይሠራም። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ይህን የምንለው ለሄዱት ብቻ አዝነን አይደለም። የእኛም ሰፈር መሐል ከተማ ነው፣ የእኛም ኪራይ ይጨምራል፣ የእኛም ቤት አንድ ቀን ቀይ ምልክት ሊቀባ ይችላል። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን በየዳርቻው ስንበተን፣ ዛሬ ለአንድ አባል ያወጣነው ደንብ ነገ የሁላችን መጠለያ ይሆናል።

ከጉባኤው በፊት ግን አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። የሟች እናት የሙት ዓመት እየደረሰ ነው። በዕለቱ ድንኳኑን አስጭነን፣ አነሰም በዛ ተሰብስበን እንሂድ። መዝገቡንም ይዘን እንሂድና ያንን ስም እሱ ፊት መልሰን እንጻፈው።

ሁላችንንም በሰላም ለከርሞ ያድርሰን።