የሐረር ቤት አንድ መልክ ከየት መጣ?



ቤት ስለማሳመር ስናነሳ ወሬው ቶሎ ገበያ ይወርዳል። የሶፋው ዋጋ፣ የመጋረጃው ቀለም፣ ምንጣፉ ከቡፌው ጋር ይሄዳል አይሄድም የሚለው ነገር ይነሳል። አብዛኞቻችን ቤታችንን በአንድ ቀን አልሞላነውም። አንዱ ዕቃ ከእናት ቤት የመጣ ነው፤ ሌላው በእቁብ ብር የተገዛ ነው፤ ሌላው የሠርግ ስጦታ ነው። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ እንግዶች ይመስላሉ። «ገንዘብ ቢኖረኝ ሁሉንም በአንዴ ቀይሬ አንድ ዓይነት አደርገው ነበር» የምትል እህት ብዙ ናት።

በአገራችን ግን ይህን ጥያቄ ከገበያ ሳይሆን ከሴቶች እጅና ከሴቶች ኅብረት የመለሰች ከተማ አለች። እርሷም ሐረር ናት። ስለ ሐረር ታሪክ ሲጻፍ ስለ ግንቡ፣ ስለ አሚሮቹና ከውጭ ስለመጡ ተጓዦች ብዙ ተብሏል። ስለ ቤቱ ውስጥና ያንን ውስጥ ስላቆሙት እናቶች ግን ያለን ንግግር አጭር ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጎን ለማሳየት የቀረበ ነው።

ጀጎል የሚባለው የከተማዋ ግንብ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑ ይነገራል፤ በተለይ የአሚር ኑር ስም ከግንቡ ጋር አብሮ ይነሳል። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮችና የጸሎት ቦታዎች ይገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግን ከከተማዋ ባህላዊ ቅርስ ሁሉ እጅግ ዓይን የሚስበው የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ከመስጊዱና ከግንቡ እኩል፣ እንዲያውም ቀድሞ፣ ዓለምን ያስደነቀው ሴቶች የሚያዘጋጁት የእንግዳ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ቤቱን ከውጭ ያየ ሰው ብዙ ነገር አይገምትም። በጠባብ መንገድ ዳር ረጅም የድንጋይ ግድግዳና አንድ በር ይታያል። በሩ ሲከፈት ግቢ አለ፤ በግቢው ዙሪያ የተለያዩ ቤተሰቦች ቤቶች ይገኛሉ። ቤቱ ጌይ ጋር ይባላል፤ በሐረሪዎች ቋንቋ «ጌይ» ከተማ፣ «ጋር» ደግሞ ቤት ማለት ነው። ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ በኖራ የሚለሰን ሲሆን ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። ምድር ቤቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። ዋናው ግድር ጋር ነው፤ «ትልቁ ቤት» እንደ ማለት ነው። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ክፍል ኪርታት ትባላለች። አዲስ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ አንድ ሳምንት በዚያች ክፍል ይቆዩ እንደነበርና ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይገባላቸው እንደነበር ይነገራል።

ግድር ጋር ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው ወንበር ወይም አልጋ አይደለም። መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ። እያንዳንዱ ስም አለው፤ አሚር ነደባ የክብር መቀመጫው ነው፤ ግድር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ፣ ሱትሪ ነደባ የተሰወረው ነው፤ ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለው ነው። የገባው ሰው በዕድሜው፣ በክብሩና ለቤቱ ባለው ቅርበት ቦታውን ያውቃል። «ወዲህ ተቀመጥ፣ ወዲያ ተቀመጥ» ማለት አያስፈልግም፤ ቤቱ ራሱ ይናገራል።

ወለሉና የነደባው ፊት በቀይ አፈር ይቀባል። ቀይ የሆነበትን ምክንያት ሐረሪዎች ሲናገሩ፣ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ከዚያ ጦርነት በኋላ ሐረር ነፃ አሚርነቷን አጥታ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። እንግዲህ ቀለሙ ለዓይን ብቻ የተመረጠ አይደለም። በየጊዜው ወለሉን የምትቀባ እናት የከተማዋን ሐዘን አብራ ታድሳለች። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍም በዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን የሚናገር ምልክት ነው ይባላል። በዚህ ቤት ውስጥ ትርጉም የሌለው ጌጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው አለ። ግድግዳው ውስጥ ገብተው የተሠሩ መደርደሪያዎች ስኒውን፣ መጽሐፉንና ሌላውን ዕቃ ይይዛሉ። ከእነርሱ በላይና በጎን ስፌቶቹ መጠናቸውን ተከትለው በረድፍ ይሰቀላሉ። በሐረሪ ቋንቋ የስፌት ዕቃ «ሞት» ይባላል፤ ከአማርኛው ሞት ጋር እንዳይምታታብን። ለምሳሌ ሙሽራዋ ለአማቷ የምታበረክተው ስፌት «ሐማት ሞት» ይባላል፤ የአማት ስፌት ማለት ነው። የቡና ስኒ መያዣው ፊንጃን ጋር፣ የስኒ ቤት ይባላል። ስለዚህ ግድግዳውን ማንበብ ለሚያውቅ ሰው የተሰቀለው ጌጥ ብቻ አይደለም። ማን ለማን ሰጠች፣ ማን ከማን ጋር ተዛመደች የሚለው ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ ማን ሠራው? እዚህ ላይ ነው የኅብረቱ ታሪክ የሚገባው። የሐረር ልጃገረዶች ስፌት የሚማሩት ብቻቸውን ቁጭ ብለው አልነበረም። ሞይ ጋር፣ በአማርኛ የሥራ ቤት ልንለው በምንችለው ቦታ፣ ባለሙያ እናት ዘንድ ተሰብስበው ይሰፉ ነበር። የአጀማመሩን ጥብቀት፣ የቀለሙን አቀያየር፣ የጥለቱን ስም ሁሉም ከአንድ ቦታ ይማራሉ። አንድ ትልቅ ስፌት ወራት ይፈጃል፤ ልጅቷም ለሠርጓ የሚያስፈልጋትን ቀደም ብላ መጀመር አለባት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ብቻዋን ብትሆን ሸክም የሚሆንባት ሥራ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን በወሬና በሳቅ ያልቃል።

ካገባች በኋላ ደግሞ አፎቻ ትገባለች። አፎቻ ከእኛ እድር ጋር የሚመሳሰል የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው፤ የወንዶችና የሴቶች ተብሎ ይለያል። ለሠርግና ለሐዘን አባላቱ ይረዳዳሉ። የሴቶቹ አፎቻ አባላት አንዷ ጋር ሲሰበሰቡ የሚቀመጡት በዚያው ነደባ ላይ፣ በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ወጣቷ ሙሽራ የእናቶችን ቤት እያየች፣ የእርሷም ቤት እየታየ ትኖራለች። የአንድ ከተማ ቤቶች ያለ ንድፍ ባለሙያ አንድ መልክ የያዙት በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ሕጉ የተጻፈው በወረቀት ላይ አልነበረም፤ በመጠያየቅ ውስጥ ነበር።

ታሪኩን ይበልጥ አስተማሪ የሚያደርገው ግን ይህ ሥርዓት ለውጥ ሳይነካው የቆየ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ከተማዋን ግብፆች ያዟት። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች መጥተው ሌላ ዓይነት ቤት ሠሩ፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ ያለው። ቆይቶም የሐረሪውንና የሕንዱን አሠራር ያዋሐደ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተፈጠረ። በ1895 ዓ.ም. የጂቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ የውጭ ዕቃ ወደ አካባቢው መግባቱ ቀለለ። በአበባ ያጌጠ የብረት ሳህን፣ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ፣ የስፌት ማቅለሚያ ቀለም ገበያውን ሞላው።

የሐረር እናቶች አዲሱን ዕቃ አልናቁትም። ነገር ግን ቤታቸውን ለአዲሱ ዕቃ ብለው አልቀየሩም፤ አዲሱን ዕቃ በቤታቸው ሥርዓት ውስጥ አስገቡት። ፋብሪካ ያወጣው ሳህን ከስፌቱ ጎን፣ በስፌቱ አደራደር፣ በረድፍ ተሰቀለ። ከሩቅ አገር የመጣው ዕቃ የሐረር ዕቃ መሰለ። ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ቤት አንድ መልክ የሚኖረው ዕቃው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ የሚገባበት ቦታና ሥርዓት አስቀድሞ ስለታወቀ ነው።

ከባዱ ፈተና በ1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ በሐረርም ትርፍ የተባሉ ቤቶች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጡ። የገጠር መሬት አዋጁም ኑሯቸው በእርሻ መሬት ላይ የተመሠረተ ቤተሰቦችን ጎዳ። ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ፣ ሌሎችም ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ነደባን ይዞ መሰደድ አይቻልም፤ ስፌትን ግን ይቻላል። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በሰሜን አሜሪካ፣ በኪራይ ቤት የሳሎን ግድግዳ ላይ ሳይቀር የእናት ስፌቶች በረድፍ ተሰቀሉ። ድንጋዩ ሐረር ቀረ፤ ቤቱ ግን በሴቶች እጅ ተጓዘ።

ዛሬ አደጋው ሌላ ነው። ልጆች ትምህርት ቤትና ሥራ ይውላሉ፤ ይህም መልካም ነው፤ ወራት ለሚፈጅ ስፌት የሚቀር ጊዜ ግን አይኖርም። ስፌት ለቱሪስት ሲሸጥ ደግሞ ገዢው ዋጋውን የሚቀንሰው በፕላስቲክ ዕቃ ዋጋ እያነጻጸረ ነው። በሌላ በኩል ተስፋም አለ። በጀጎል ውስጥ የወላጆቻቸውን ቤት ጠብቀው እንግዳ የሚያሳድሩ፣ ቡና አፍልተው ግድግዳውን ለጎብኚ የሚያስረዱ እናቶች አሉ። ለእነርሱ የቤቱ ሥርዓት የገቢ ምንጭም ሆኗል።

እኛ ከዚህ ምን እንውሰድ? የሐረርን ቤት ቀድተን እንሥራ ማለቴ አይደለም። በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የምትኖር እህታችን አምስት ነደባ ልትሠራ አትችልም። ሥርዓት ግን ማውጣት ትችላለች። በመጀመሪያ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ትወስን፤ ዕቃው ከሰው በኋላ ይምጣ። የወለሉን፣ የግድግዳውንና የጨርቁን ቀለም በሁለት ወይም በሦስት ትገድብ። አዲስ ዕቃ ስትገዛ «ያምራል ወይ?» ከማለቷ በፊት «ቦታው የት ነው?» ብላ ትጠይቅ። ከሁሉም በላይ፣ ዓይን በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ በእጇ የሠራችውን ወይም ከእናቷ የወረሰችውን አንድ ነገር ትስቀል። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ ሰፌድ፣ የተጠለፈ ጨርቅ፣ ትንሽ ሙዳይ ሊሆን ይችላል። ሌላው ዕቃ ቀለሙን ከዚያ ይዋስ። ይህ ሁሉ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ስፌት ለምትሰፉ አባላት ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሞይ ጋርን የመሰለ ነገር ለመጀመር ትልቅ አዳራሽ አያስፈልገንም፤ አንዲት ባለሙያ እናት፣ ጥቂት ልጆች፣ ጥቂት ወስፌና አንድ የታወቀ ቀን ይበቃሉ። የጥለቶቹንም ስም ከእናቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ፤ ስሙ የጠፋ ጥለት እጁም ብዙ አይቆይም። ደጋፊዎቻችንም ሥራችንን ስትገዙ ወይም ስታሻሽጡልን፣ በዋጋው ላይ ሳሩን ብቻ ሳይሆን ወራቱን ጨምራችሁ እንድታስቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ግንብ የሠሩ አሚሮች በስማቸው ይታወሳሉ። የግድር ጋርን ግድግዳ ትውልድ ከትውልድ ያቆሙት እናቶች ስም አልተጻፈም። ሥራቸው ግን ዛሬም በረድፍ ተሰቅሎ ይታያል።