የሰዓቱ ዋጋ ከየት ይቆጠራል?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሰው፣ ከሀገር ልብስ ሱቆች መካከል ትንሽ የመስታወት ሣጥን ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ አያጣም። የዛሬ ዓመት ገደማ እኔም ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ፊት ቆሜ ነበር። የያዝሁት የአባቴን ኦሜጋ ነው። እናቴ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ከሣጥኗ ሥር ስታኖረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል። አንድ ወዳጄ «ዛሬ እኮ አሮጌ ሰዓት ሀብት ነው» ቢለኝ ጊዜ ዋጋውን ላስገምት ይዤው ወጣሁ።

ሽማግሌው ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሰዓቱን ጀርባ ከፈቱ። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ፊቱን ግን ማን አስቀባው?» አሉኝ።

ያስቀባሁት እኔ ነበርሁ። አባቴ እንዳረፈ፣ ቢጫ የሆነው የሰዓቱ ፊት አስጠልቶኝ፣ ውለታ የዋልሁ መስሎኝ እንደ አዲስ አስቀብቼ ነበር ለእናቴ የመለስሁላት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ያኔ ለቀቢው ሰጥተኸዋል» አሉ።

አሮጌ ሰዓት የሚመዘነው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ይታያል፤ ዝገት አለ ወይ? የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቋል ወይ? ያልሠለጠነ እጅ ነክቶት እንደሆነ ብሎኖቹ ይናገራሉ። ቀጥሎ ፊቱ ይታያል። ዕድሜ ያጠቆረው ግን ያልተነካ ፊት፣ ከሚያብለጨልጭ አዲስ ቅብ ይበልጣል፤ በቅቡ ላይ የፊደላቱ ጫፍ ይወፍራል፣ መስመሩም ይዛባል። ጠቋሚዎቹና መጠምዘዣው ከሰዓቱ ጋር አብረው የተሠሩ መሆን አለመሆናቸውም ይመረመራል። የቀፎው ጠርዝ ሹል መሆን አለበት፤ ደጋግሞ የተወለወለ ቀፎ እንደ ሳሙና ይሟሟል፣ ማኅተሙም ይደበዝዛል። ወርቅ ነው የተባለ እንደሆነ ማኅተሙን መፈለግ ነው። 18 ካራት ማለት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው። እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ የስዊዘርላንድ መንግሥት ለ18 ካራት ቀፎ የሚመታው ማኅተም ትንሽ የሴት ራስ ነበረች። ወርቅ ቅብ ከሆነ ግን ማሰሪያው በሚገባበት ማዕዘን ላይ ነሐሱ ብቅ ይላል።

ዋጋው የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ሌላ፣ ገዢ የከፈለው ዋጋ ሌላ ነው፤ ማመሳከር የሚገባው ከሁለተኛው ጋር ነው። ከዚያ ላይ የማጽጃውና የማስጠገኛው ወጪ ይቀነሳል፤ ለተለወጠው ለእያንዳንዱ ክፍልም እንደዚሁ።

ለመሆኑ አሮጌ ሰዓት እንዲህ የተወደደው ከመቼ ወዲህ ነው? የጃፓኑ ሴይኮ በ1969 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጀመሪያውን በባትሪ የሚሠራ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ርካሽና ጊዜ የማያዛንፍ ሰዓት ዓለምን ሞላው፤ ብዙ የስዊዘርላንድ ፋብሪካዎችም ተዘጉ። ጊዜን ለማወቅ የሚጠመዘዝ ሰዓት አስፈላጊ መሆኑ ሲቀር፣ ሰዎች የሠሪውን እጅና የሰዓቱን ታሪክ መግዛት ጀመሩ።

ታሪክ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ያለው የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ በ1940ዎቹ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ስዊዘርላንድን ጎበኙ። በዚያው በ1954 እ.ኤ.አ. የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት የእርሳቸው ነበር። ቁጥሩ 2497 የሆነው ይህ ዓይነት ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን መልክ የሚያሳይ ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ200 ያነሰ ነው የተሠራው።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ሰዓቱ ብቅ ያለው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በጄኔቫ፣ ክሪስቲስ ባዘጋጀው ሐራጅ ላይ ነበር። ሆኖም ከቤተሰቡ ወገን የባለቤትነት ጥያቄ በመነሣቱ ሳይሸጥ ወጣ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ተመልሶ ቀረበና ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ።

ልብ በሉ! ወርቁ ቢመዘን የዚህን ዋጋ ጥቂት እጅ እንኳ አይሞላም። ዋጋውን ሰማይ ያደረሰው የሰዓቱ ብርቅነትና የባለቤቱ ስም ነው። በመጀመሪያው ሐራጅ መንገዱን የዘጋውም ያው ስም ነበር። ሰዓቱ የማን እንደነበረ ማንም አልተከራከረም፤ ክርክሩ ከዚያ እጅ እንዴት ወጣ በሚለው ላይ ነበር። ስለዚህ አንድን ሰዓት ስንገምት «ከማን ነው የመጣው?» ብቻ ሳይሆን፣ «በምን መንገድ መጣ? ማስረጃውስ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ማስረጃ የሌለው ታሪክ ለገዢ ወሬ ነው፤ ለሻጭም ጣጣ።

ሽማግሌውም ይህንኑ ነው የጠየቁኝ። «ወረቀት አለው? የተገዛበት ደረሰኝ? አባትህ አድርጎት የተነሣው ፎቶግራፍ?» አንዱም አልነበረኝም። የነገሩኝ ዋጋ የአንድ ጥሩ ጫማ ያህል ነበር። ተቀይሜ ሳይሆን አፍሬ ሰዓቱን ኪሴ ከተትሁት።

ማታ እናቴን ጠየቅኋት። የት እንደገዛው፣ በስንት ደመወዝ፣ ለማን ሰርግ አድርጎት እንደሄደ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ፎቶግራፉም ተገኘ፤ ኮቱ እጅጌ ሥር ሰዓቱ በግልጽ ይታያል። የነገረችኝን ሁሉ ጻፍሁና ፎቶውን አብሬ በፖስታ አደረግሁት። የቀድሞውን ፊት መመለስ አልቻልሁም። እናንተ ግን ከሣጥናችሁ ሥር እንዲህ ያለ ሰዓት ካለ፣ ወደ ቀቢ ከመውሰዳችሁ በፊት የሚያውቁትን አዛውንት ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ።