አታሉረን

አታሉረን በሕዋስ ውስጥ የፕሮቲን ግንባታ በሚቋጭበት ደረጃ ላይ ጣልቃ የሚገባ መድኃኒት ነው። ያበለጸገው ፒቲሲ ቴራፒዩቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን የንግድ ስሙ ትራንስላርና ነው። በዋናነት የሚታወቀው ለዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ በመታዘዙ ነው።

የፕሮቲን ግንባታ አጨራረስ

ራይቦዞም የመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.ን መልእክት በሦስት በሦስት ፊደል እየከፈለ ያነባል። እያንዳንዱ ክፍል ኮዶን ይባላል። ከ64ቱ ኮዶኖች 61ዱ አሚኖ አሲዶችን ያመለክታሉ፤ ዩኤኤ፣ ዩኤጂ እና ዩጂኤ የተባሉት ግን የማቆሚያ ኮዶኖች ናቸው። ራይቦዞም ከእነዚህ አንዱ ላይ ሲደርስ አስለቃቂ ፕሮቲኖች ይገቡና ያለቀውን ፕሮቲን ከራይቦዞሙ ያላቅቁታል።

አንዳንድ ጊዜ በዘረመል ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ በመልእክቱ መካከል የማቆሚያ ኮዶን ይፈጥራል። በዚህ ጊዜ ግንባታው ሳያልቅ ይቋረጣል። ከዱሼን ሕሙማን ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት፣ የጡንቻ ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ያጠቃል።

አሠራር

አታሉረን የአስለቃቂ ፕሮቲኖችን ሥራ ያዳክማል። ማቋረጡ ሲዘገይ አሚኖ አሲድ የተሸከመ አመላላሽ አር.ኤን.ኤ. በማቆሚያው ኮዶን ላይ የመግባት ዕድል ያገኛል፤ ራይቦዞሙም ማቆሚያውን አልፎ ንባቡን ይቀጥላል። ጄንታማይሲንም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ነገር ግን እርሱ የሚሠራው የራይቦዞምን የንባብ ጥራት በመቀነስ ሲሆን ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። አታሉረን የሚወስድ ሕመምተኛ ጄንታማይሲንን በደም ሥር መውሰድ የለበትም።

አጠቃቀምና ውዝግብ

መድኃኒቱ ዱቄት ሲሆን በፈሳሽ ወይም በለስላሳ ምግብ ተቀላቅሎ በቀን 3 ጊዜ በአፍ ይወሰዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብ በማሳሰብ ቅድመ ሁኔታ ያለው ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ጥቅሙን በበቂ ሁኔታ ስላላረጋገጡ ኅብረቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ሳያድሰው ቀርቷል። የሕሙማን ቤተሰቦች ግን መድኃኒቱ የልጆቻቸውን የመራመድ አቅም እንዳቆየላቸው በመግለጽ ፈቃዱ እንዲታደስ ጠይቀው ነበር።