ፓርኪንሰን ድምፅን ሲያደክም፦ ለሕመምተኞችና ለቤተሰብ የሚሆን መረጃ

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የአንድ አዛውንት እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤተሰብ ቶሎ ያስተውላል። ድምፃቸው እየሳሳ ሲሄድ ግን «እርጅና ነው» ወይም «አኩርፈው ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የፓርኪንሰን ሕመም በንግግር ላይ የሚያስከትለውን ችግርና ቤተሰብ ሊያደርግ የሚችለውን እናቀርባለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ከጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ሲሞቱ ይከሰታል። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ያንሳልም፤ ጡንቻም ይደርቃል። ለትንፋሽና ለድምፅ የሚያገለግሉ ጡንቻዎች፣ ምላስና ከንፈርም ይህ ይደርስባቸዋል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በንግግር ላይ የሚታዩ ምልክቶች

አብዛኞቹ ሕመምተኞች በሕመሙ ሂደት ውስጥ የድምፅ ወይም የንግግር ችግር ይገጥማቸዋል። ዋና ዋናዎቹ፦
• ድምፅ ይቀንሳል፤ በተለይ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጠፋል።
• ድምፅ ይሻክራል፤ ከፍ ዝቅ ማለቱ ቀርቶ ወጥ ይሆናል።
• ቃላት ይድበሰበሳሉ ወይም ተቻኩለው ይወጣሉ፤ ንግግር ለመጀመርም ያስቸግራል።
• ፊት ስሜትን መግለጽ ስለሚያቅተው ሰውየው የተቆጡ ወይም ግድ የሌላቸው ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሕመሙ የራስን ድምፅ መጠን የመመዘን ችሎታንም ያዛባል። ሕመምተኛው በተለመደው ድምፃቸው የተናገሩ ይመስላቸዋል፤ «ምን አሉ?» ሲባሉም የሰሚው ጆሮ የደከመ ይመስላቸዋል። በዚህ መሐል ሁለቱም ወገን ይሰለቻል፤ ሕመምተኛውም ከጨዋታ፣ ከዘመድ ጥየቃና ከለቅሶ ቤት እየራቁ ዝም ይላሉ።

በአንደበቱ ዓለም ያወቀው ቦክሰኛ ሙሐመድ ዐሊ ሕመሙ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ42 ዓመቱ ተነገረው። ከዓመታት በኋላ ድምፁ ደክሞ ንግግሩ ለመስማት የሚያስቸግር ሆነ። ሆኖም ከሕዝብ ፊት አልሸሸም፤ በ1996 እጁ እየተንቀጠቀጠ የአትላንታን የኦሎምፒክ ችቦ ለኩሷል።

ምን ይረዳል?

ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ የያዘው መድኃኒት እንቅስቃሴን በደንብ ያሻሽላል፤ ለድምፅ ያለው ጥቅም ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ የድምፅ ልምምድ ያስፈልጋል። በሰፊው የሚታወቀው ሥልጠና በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንት የሚሰጥ ሲሆን ዋና ትእዛዙ አንድ ነው፦ «ጮክ ብለው ይናገሩ»።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በየከተማው አይገኝም። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ በቤት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። ሕመምተኛው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በደንብ ተንፍሰው «አ…» የሚለውን ድምፅ ጉሮሮአቸውን ሳያስጨንቁ ረዘም አድርገው ያውጡ። በየቀኑ የሚናገሯቸውን አረፍተ ነገሮች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ጎላ አድርገው ይለማመዱ። ቁርኣን ለሚቀሩ ደግሞ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቅራት መልካም ልምምድ ይሆናል።

ቤተሰብ ቴሌቪዥኑን ይዝጋ፤ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ጊዜ ይስጥ። ሕመምተኛው የጀመሩትን ቃል አይጨርስባቸው። «አልሰማሁም» ከማለት «አባባ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉልኝ» ማለት የበለጠ ይረዳል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ንግግርን የሚያውኩት ጡንቻዎች መዋጥንም ያውካሉ። ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ማሳል፣ ትን ማለት፣ ከጠጡ በኋላ ድምፅ መርጠብ ለሐኪም መነገር አለበት፤ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላልና። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ በትንሹ መጉረስና እያኘኩ አለማውራት ይጠቅማል።

ንግግር በድንገት ከተያዘ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ በቀን ውስጥ በተወሰነ ሰዓት ይወሰዳል፤ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር ይገባል። መጾም የሚጎዳቸው ከሆነ ሸሪዓው ለሕመምተኛ ያደረገው ማግራራት አለ፤ ስለ ቀዷና ፊድያ ደግሞ ዓሊሞችን ይጠይቁ።

የት እንሂድ?

በአዳማና በአካባቢዋ ላሉ ሰዎች አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ቅርብ ነው። የነርቭ ሐኪም ካስፈለገ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ክፍል አለ። ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅትም በዚያው ከተማ ይገኛል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ስለ እጅ መንቀጥቀጡ ብቻ ሳይሆን ስለ ድምፁና ስለ መዋጡም ይንገሩ፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ላይጠይቅ ይችላልና።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ዓፊያቸውን ይመልስ።