ከሸክላ እስከ ሜሞሪ፦ በየቅጂው የሚጎድለው ድምፅ

ገበያ ቀን ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የዋለ ሰው ያውቀዋል። በርበሬውን ሸጦ ወደ ገጠር የሚመለሰው ወጣት ሞባይል ቤት ጎራ ይልና ሜሞሪውን አውጥቶ «ዘፈን ጫንልኝ» ይላል። ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ መቶ ዘፈን ይገባለታል። የተጫነው ዘፈን ሙሉ ነው ወይስ የተቀነሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

መቀነሱ ዛሬ አልተጀመረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው የአማርኛ ዜማ በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ግጥም ሲደረድር የሚያድር አዝማሪ በዚያ ልክ መቆረጥ ነበረበት። ሸክላ የቀነሰው ጊዜን ነው።

ቆይቶም ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ከፈተና በአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ይሁን እንጂ ሸክላውም ማጫወቻውም ውድ ስለነበር ከከተማ ብዙም አልራቀም።

ገጠር የዘለቀው ካሴት ነው። በደርግ ዘመን ሸክላ ማሳተም ሲቆም ካሴት ሜዳውን ያዘ። ቴፕ በድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጭራሽ ሲያልቅ የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይወፍራል። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ከአምስት እጅ በኋላ የደረሰው ካሴት የመጀመሪያው ጥላ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ኤምፒ3 መጣ። ጀርመን አገር በፍራውንሆፈር ተቋም እነ ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግ የደከሙበት ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጎላ ያለ ድምፅ ከጎኑ ያለውን ደካማ ድምፅ ስለሚሸፍነው፣ ጆሮ የማይሰማውን ማስቀመጥ አያስፈልግም። አንድ የ5 ደቂቃ ዘፈን በሲዲ ጥራት 53 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ግን ከ5 ሜጋባይት አይበልጥም። በትንሽ ሜሞሪ ብዙ መቶ ዘፈን የሚገባው ለዚህ ነው።

ዋጋው የሚታወቀው በጎጃም ጭፈራ ላይ ነው። ጭብጨባና ከበሮ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ በጣም የተጨመቀ ኤምፒ3 ይህን ስለት ያደበዝዘዋል። የማሲንቆው ጭራ ከጭራ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ቀጭን ሻካራ ድምፅም ይከሳል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ጆሽ ኮልሰን ያወጣው ፍላክ ሌላ መንገድ ነው። እንደ ታጠፈ ጋቢ ቦታ ይቆጥባል፤ ሲዘረጋ ግን አንዲት ክር አትጎድለውም። የያዘውን ዘፈን ከሲዲው ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጠዋል።

ታዲያ ለቤት የቱ ይሻላል? ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ፣ በ320 ኪሎቢት የተሠራ ኤምፒ3 ይበቃል። ብዙ አድማጭ ከሲዲ አይለየውም፤ በብሉቱዝ ስፒከር ለሚሰማማ ፍላኩም ቢሆን በአየር ሲያልፍ እንደገና ይቀነሳል። በፍላክ መኩራራት ለትንሽ ስፒከር ከንቱ ነው።

ለማስቀመጥ ሲሆን ግን ፍርዱ ይገለበጣል። በምዕራብ ጎጃም ስንት ቤት ሣጥን ውስጥ ካሴት አለ! የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ግጥም፣ ያለፉ አባት ምክር፣ እንደ ዋሸራ ባሉ የቅኔ ቦታዎች የተማሩ መምህር ድምፅ። አብዛኛው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ የካሴት ክር ደግሞ ዕድሜ አለው። ይህን ካሴት በ128 አስገልብጦ ዋናውን የጣለ ሰው የቀነሰው ለራሱ ብቻ አይደለም፣ ለልጅ ልጁም ነው። ኋላ ወደ ፍላክ ቢቀይረውም የተፈጨ ዱቄት ተመልሶ ጤፍ አይሆንም።

«ካሴቱ ራሱ ያረጀ ነው፣ ፍላክ ምን ይፈይድለታል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ካሴቱ ስላረጀ ነው የሚል ነው። ሽሽታውን የሚያጠራ ባለሙያ ነገ ሲገኝ የሚሠራው ባልተነካ ቅጂ ላይ ነው። ኤምፒ3 ደግሞ ያችኑ ጥቂት ቦታውን ለሽሽታው እያካፈለ ዋናውን ድምፅ ያስርባል።

እንግዲህ ሥራው ቀላል ነው። ካሴቱ አንድ ጊዜ፣ በደህና ቴፕ፣ በዋቭ ወይም በፍላክ ይገልበጥ። ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ዋናው ካሴት አይጣል። ለዘመድ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ተቀርጾ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ከዚያ በኋላ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከእሱ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው።

ሸክላ ጊዜን ቀነሰ፣ ካሴት ጥራትን ቀነሰ፣ ሁለቱም ያኔ አማራጭ አልነበራቸውም። ዛሬ ግን ሜሞሪ ርካሽ ነው። ከእንግዲህ የሚጎድለው ድምፅ ሰው መርጦ ያጎደለው ነው።