ያልተነዳው መኪና፤ የፌራሪ ኤፍ-40 እና የኪሎሜትር ቆጣሪው ነገር

ሐምሌ 14 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1987) በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በማራኔሎ ከተማ አንድ ቀይ መኪና ለጋዜጠኞች ተገልጦ ታየ። ፌራሪ በስሙ የሚጠራውን የመጀመሪያ መኪና ከሠራ አርባ ዓመት ሞልቶት ስለነበር አዲሱ ሥራ ኤፍ-40 ተባለ። የፋብሪካው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ያን ጊዜ የ89 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በኦገስት ወር ሲያርፉ፣ ኤፍ-40 በሕይወት ሳሉ ያጸደቁት የመጨረሻው የመንገድ መኪና ሆኖ ቀረ።

የመኪናው ውልደት ከአንድ ከከሸፈ ዕቅድ ጋር የተያያዘ ነው። ፋብሪካው «ግሩፕ ቢ» ለተባለው የውድድር ክፍል 288 ጂቲኦ ኤቮሉዚዮኔ የሚባል ተሽከርካሪ ሲያዘጋጅ ቆይቶ ነበር። ይሁን እንጂ በራሊ ውድድሮች ላይ በደረሱት የሞት አደጋዎች ምክንያት ክፍሉ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዲሰረዝ ተወሰነ። ኒኮላ ማቴራትሲ የተባሉት መሐንዲስና የሥራ ጓደኞቻቸው የውድድር ሜዳ ያጣውን ያንን ሥራ መሠረት አድርገው ለመንገድ የሚሆን መኪና አወጡ።

ሞተሩ ከነጂው ጀርባ ይገኛል። በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮችና 2,936 ሲሲ ይዘት ያለው ሲሆን፣ ሁለት ተርቦቻርጀሮች አየሩን እስከ 1.1 ባር አምቀው ስለሚያስገቡለት 478 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አጽሙ ከብረት ቧንቧ የተበየደ፣ ልባሱም ከኬቭላርና ከካርቦን ክሮች ተሸምኖ በሙጫ የጠነከረ ነው። ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት 1,100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፋብሪካው የገለጠው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ነበር።

ኤፍ-40ን ከሌሎች ይበልጥ የሚለየው ግን በውስጡ የሌለው ነገር ነው። ምንጣፍ የለውም፤ ሬዲዮ የለውም፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ ተስቦ ነው። በመጀመሪያ የወጡት መኪናዎች መስኮት እንኳ ወደ ጎን የሚንሸራተት ፕላስቲክ ነበር። መሪው በክንድ ጉልበት ብቻ ይዞራል፤ ፍሬኑም ያለ ረዳት ኃይል በእግር ብርታት ይያዛል። ክብደት እንዳይጨምር ቀለሙ ስስ ሆኖ ስለተቀባ የክሩ ሽመና በቀለሙ ውስጥ አልፎ ይታያል። ለመንዳት የማያስፈልገው ሁሉ የተወገደለት ይህ መኪና በኋላ ከማይነዱት ዋነኛው መሆኑ የታሪኩ እንቆቅልሽ ነው።

ፋብሪካው በመጀመሪያ ያሰበው 400 ያህል ብቻ ለመሥራት ነበር። ነገር ግን ፈላጊው በዛ፤ የመሥራቹም ሞት የገዢውን ጉጉት አባባሰው። በ1992 እ.ኤ.አ. ሥራው ሲያበቃ 1,311 መኪናዎች ወጥተው ነበር። አትርፎ ለመሸጥ ሲል የገዛው ጥቂት አልነበረም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሰብሳቢዎች ገበያ ሲወድቅም ብዙዎቹ በውድ የገዙትን ታቅፈው ቀሩ። በቅርብ ዓመታት ግን በጨረታ ከ2 ሚልዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጡ አሉ።

ዛሬ አንድ ኤፍ-40 ለሰብሳቢዎች ሲቀርብ መግለጫው ከጉልበቱ አስቀድሞ የሚያወሳው የኪሎሜትር ቆጣሪውን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሮ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደው፣ ብዙ ከተነዳው ወንድሙ አብልጦ ያወጣል። አዲሱ ባለቤትም በነዳው ቁጥር የከፈለው ገንዘብ የሚሸረፍ ስለሚመስለው እጁን ይሰበስባል፤ ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውረውም በሌላ መኪና ላይ ጭኖ ነው።

ቆጣሪው ግን የመንኮራኩሩን ዙር እንጂ የዓመታትን ሥራ አይመዘግብም። የኤፍ-40 ነዳጅ የሚቀመጠው ከውድድር መኪና በተወሰደ ዘዴ በግራና በቀኝ በተቀመጡ ሁለት የጎማ ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ በግጭት ጊዜ በቀላሉ እንዳይቀደዱ የታሰቡ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። መኪናው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ወይም ከጋራዥ ጨርሶ ባይወጣ ለጎማው ልዩነት የለውም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚን ማንጠባጠብም ይጀምራል። በጋለ ሞተር አጠገብ ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለሙያው ሰው ማስረዳት አያሻም።

ካምሻፍቶቹን የሚያዞሩት ባለ ጥርስ ቺንጋዎችም እንዲሁ ቆመው ያረጃሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። (ጎማ፣ ማርሽና ቺንጋ አማርኛ ከዚያው ከኢጣሊያ ያገኛቸው ቃላት ናቸውና፣ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ መካኒክ የቋንቋ እንግድነት የለውም።) ከፋብሪካ የተገጠሙለት የፒሬሊ ጎማዎች ሳይለወጡ የቀረበ መኪና እንደ ብርቅ ይታያል፤ ይሁንና የሠላሳ ዓመት ጎማ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ 335 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የኋላ እግር መንገድ ላይ አጽንቶ ለመያዝ አይታመንም።

እዚህ ላይ ገበያውና ምሕንድስናው ይለያያሉ። ሰብሳቢው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ ዕቃ ይሻል፤ ዕቃው ደግሞ እንደ ወጣ ከቆየ ለመነዳት አደገኛ ይሆናል። አንዳንዱ ባለቤት በከረጢቱ ፈንታ የአሉሚንየም ታንክ ያስገጥማል። ይህ የእርጅናውን ችግር ሲያቃልል፣ መኪናው እንደ ጥንቱ ነው የሚለውን ምስክርነት ያሳጣዋል። ሌላው አዲስ ከረጢት እየገዛ በየአሥር ዓመቱ ይከፍላል፤ ዋጋው ከባድ ቢሆንም መኪናውንም ታሪኩንም የሚጠብቀው ይኸኛው መንገድ ነው። በየወቅቱ ሞተሩ እየሞቀ፣ ዘይቱ እየተለወጠ፣ ጥቂት መንገድ እየሄደ የኖረ ኤፍ-40፣ ቆጣሪው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በሸራ ተሸፍኖ ከከረመው ይልቅ ጤነኛ ነው።

ጠንቃቃ ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ ከቆጣሪው ቁጥር ጎን ከረጢቱና ቺንጋው የተለወጡበትን ዓመት የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ያቀርባል፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ሳይጥል በሣጥን አድርጎ ከመኪናው ጋር ለገዢው ያስረክባል።