አይሮፕላንና የላስታ ተራራ

ያገራችንን ካርታ ዘርግቶ ላስታን የሚፈልግ ሰው በወሎ ሰሜን ምዕራብ በኩል ያገኘዋል። ካርታው ግን ጠፍጣፋ ወረቀት ስለ ሆነ አገሩን አያሳይም። ላስታ ተራራና ገደል ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ የተከዜም ወንዝ ከዚሁ አገር ተነሥቶ ሸለቆውን እየሸረሸረ ይወርዳል። ከማዶ የሚታየው መንደር እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል፤ ለመድረስ ግን ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ዳግመኛም አቀበቱን መውጣት ስለሚያስፈልግ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። እንዲህ ወዳለ አገር አይሮፕላን ሲገባ ማንን ወደ ማን ያቀርባል? በክፍላችን የተነሣው ክርክር ይህ ነበረ፤ እኛም ስለ ላሊበላ ያየር ማረፊያ በዚህ መጽሔት ለመጻፍ የተነሣነው ከዚሁ ክርክር የተነሣ ነው።

በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ ስሙን ለከተማይቱ ትቶላታል። 11ዱን ካንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም የሚመጣው ምእመን ከዚያን ዘመን ጀምሮ የመጣው በእግሩ ነው። ባለ ማዕርግም ቢሆን ከበቅሎ የተሻለ አላገኘም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ድል ከተነሡ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ጠላት በኋላቸው እየገሠገሠ ሳለ፣ በሚያዝያ ወር ከመንገዳቸው ተለይተው ወደ ላሊበላ ሄደው ጸልየዋል። የንጉሠ ነገሥት ጉዞ እንኳ በዚያ ተራራ ላይ የሚለካው በእግርና በበቅሎ ርምጃ ነበረ።

አይሮፕላንን ግን የዚያ አካባቢ ሰው አስቀድሞ ያወቀው በመልካም አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አይሮፕላን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከላስታ ብዙ በማይርቀው በአንቺም ሜዳ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ፣ አይሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ በመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ሞቱ። ልብ ብሎ ያነበበ እንደሚያየው፣ ከአንቺም እስከ ማይጨው ልክ 6 ዓመት ነው፤ ቀኑም አንድ ነው። በመካከሉ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። ስለዚህ የወሎ ገበሬ ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ወደ ጫካ ቢሮጥ ፈሪ ሊባል አይገባውም።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ ደብልዩ ኤ ከሚባለው ያሜሪካ ኩባንያ ጋር በመተባበር ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። የጊዜው አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉት ሲ-47፣ ማለት የዲሲ-3 ወንድሞች ነበሩ። ዲሲ-3 ለኢትዮጵያ የተሠራ ነው ቢባል አያስነቅፍም፤ አስፋልት ሳይጠይቅ በሣርና በጠጠር ላይ ያርፍ ነበርና። ባገራችን ብዙ የገጠር ማረፊያዎች መጀመሪያ የከብት መሰማሪያ ነበሩ፤ አይሮፕላኑ ከመድረሱም በፊት ሜዳውን ከከብት የሚያጸዳ ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የአብያተ ክርስቲያናቱ የጥገና ሥራ ሲጀመር ዲሲ-3 በበጋ ወራት ላሊበላ ይወርድ ነበር።

ዛሬ ያለው ማረፊያ ከከተማይቱ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ 20 ከሚያህል ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሹምሸሃ በሚባል ሜዳ ላይ ነው። ለምን እዚያ ታች ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ላይ ለአይሮፕላን የሚበቃ ሜዳ የለም። ቦታው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ያለው ስለ ሆነ፣ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አይሸከምም፤ ሞተሩንም ያደክማል። እንግዲህ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል፤ ወይም ጭነቱን ይቀንሳል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱና የተራራው ነፋስ ስለሚያስቸግሩ ለአብራሪ የሚመቸው ጧት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ማረፊያውን ይዘጋው ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ላሊበላ በሰማይም በምድርም ተቈልፋ ትከርም ነበር።

አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ሆኑ። ከሩቅ አገር የተነሣ ጎብኚ ካዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ላስታ ይደርስ ጀመር። በመኪና ግን በደሴና በወልድያ፣ ከዚያም በጋሸና በኩል፣ ያው ጉዞ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ከእኛ አንዳንዶቹ «ታዲያ አይሮፕላኑ ላስታን ከዓለም ጋር አገናኘ» አሉ። ሌሎቻችን ግን የ1977 ዓ.ም. ረኃብ እንዲታሰብ ጠየቅን።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የሶቪየት ኅብረትና የሌሎችም አገሮች አይሮፕላኖች እህል ይዘው መጡ። ማረፊያ በሌለበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ከረጢቱን ወርውረዋል። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ቢሆንም ሒሳቡን እንይ። አንድ ዲሲ-3 የሚችለው 3 ቶን ያህል ነው፤ ይኸውም 30 ኩንታል። የርዳታ ድርሻ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ቢሆን፣ የአንድ ጊዜ ጭነት 200 ሰው ለአንድ ወር ያበላል። ያንኑ 30 ኩንታል በአህያ ለማጓጓዝ፣ ለአንዷ ግማሽ ኩንታል ብንጭን፣ 60 አህዮች ያስፈልጋሉ። 100 ኩንታል የሚጭን አንድ የጭነት መኪና ግን የሦስት አይሮፕላን ሥራ ሠርቶ ይተርፈዋል፤ መንገድ ካለው። ላስታ የተራበው ሰማይ ተዘግቶበት ብቻ አልነበረም፤ እህሉ ከጎረቤት አውራጃ የሚመጣበት መንገድ አጥቶም ነው። በዚህ ላይ የተስማማን ይመስለናል።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ የሹምሸሃ ማረፊያ አስፋልት ለብሶ ክረምት ከበጋ ክፍት ሆነ። በ1970ዎቹ ዓመታት 19 ሰው የሚይዘው ትዊን ኦተር ይመላለስ ነበር፤ በኋላ ግን ፎከር 50፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም ኪው 400 የሚባለው ሰፊ አይሮፕላን መጣ። ሆቴሎች በዙ፤ የከተማው ወጣት አስጐብኚነትን ሙያ አደረገ። የአንድ ከተማ ኑሮ በአንድ ማረፊያ ላይ ሲመሠረት የሚያስከትለውም በጦርነቱ ታየ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ በረራው ተቋረጠ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ዳግመኛ ቆሞ ነበር። እንግዳ ሲቀር አስጐብኚውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ መስቀል ቀርጾ የሚሸጠውም ባንድ ቀን ሥራ ፈቱ።

ለገና በዓል፣ ታኅሣሥ 29፣ የሚመጣው ሕዝብ አብዛኛው ዛሬም በእግሩ ነው፤ ከዋግና ከጋይንት ቀናት የተጓዘ፣ ስንቁን በትከሻው ያንጠለጠለ። ይህን ያነሡት ጓደኞቻችን ማረፊያው ለባዕድ እንጂ ላገሬው አልተሠራም ብለው ሊደመድሙ ሲሉ፣ አንድ ነገር ተረስቷል ተባለ። አይሮፕላኑ የወረደበት ቦታ ከከተማው ስለሚርቅ፣ እንግዳውን ወደ ላይ ለማውጣት ከሹምሸሃ እስከ ላሊበላ የአስፋልት መንገድ ተሠርቷል። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ከቆላው ጤፍና ማሽላ የጫነችው አህያ በዚያ መንገድ ትወጣለች፤ ባለቤቷም ከኋላዋ፣ የአውቶቡሱን ጡሩምባ ሲሰማ ወደ ዳር እየሳባት።